ጭን አስሮ መሥራት፦ ለዓይነት 2 ስኳር ታማሚ

ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ናት። ጉልበቱን የሚያመው የስኳር ታማሚ ዳገቱን ሲሸሽ የጭኑ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ከምግብ በኋላ ስኳሩን ከደም በብዛት ከሚወስዱት አንዱ ደግሞ ጡንቻ ነው። ከባድ ብረት ማንሳት ለማይችል ሰው የጭኑን የደም ፍሰት በማሰሪያ ገድቦ በቀላል ክብደት ስፖርት መሥራት ጡንቻውን ለማጠንከር አንድ መንገድ ነው።

ሰፊው ባለ አየር ማሰሪያ ብሽሽት ሥር፣ ከጭን ላይኛው ጫፍ ይጠመጠማል። ፊዚዮቴራፒስቱ መጀመሪያ የእግሩ የደም ሥር ምት የሚጠፋበትን ግፊት በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚከታተል መሣሪያ) ይለካል፤ የሚሠራው በዚያ ግፊት ከ40 እስከ 80 በመቶ ነው፤ ለጀማሪ 40 ይበቃል። ክብደቱ፣ አንዴ ብቻ ማንሳት ከሚቻለው ከ20 እስከ 30 በመቶ። መጀመሪያ 30 ጊዜ ማንሳት፣ ከዚያ 15፣ 15፣ 15፤ በየመካከሉ 30 ሰከንድ እረፍት። እንዳለቀ ይፈታል። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን።

እባካችሁ በከመነዳሪ ወይም በገመድ እንዳታስሩ! ቀጭን ነገር ነርቭ ይጫናል፣ ግፊቱም አይታወቅም። ጡንቻው ማቃጠሉ ያለ ነው፤ እግሩ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ግን ወዲያው ይፈታ። ስኳሩ እግሩን ቀድሞ ያደነዘዘበት ሰው ይህ ምልክት አይሰማውም፤ ስለዚህ አይሞክረው። የእግር ቁስል ያለበት፣ ደም የረጋበት፣ የእግሩ ደም ሥር የጠበበ፣ የደም ግፊቱ ያልተስተካከለም እንዲሁ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚቀንስ ክኒን) የሚወስድ አስቀድሞ የደም ስኳሩን ይለካ፤ ከ90 mg/dL በታች ከሆነ ሙዝ በልቶ ይጀምር። በጾም ወቅት ከቅዳሴ በፊት ባዶ ሆድ አይሠራም። ከተንቀጠቀጠና ካላበው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ።