የይለፍ ቃል ካዝናዬ፣ ሦስት መሣሪያዎች እና ሐመሩ ሐ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ፣ ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የምመጣበት ታክሲ ቀበና ድልድይ አጠገብ ቆሞ ሳለ ስልኬ በመስኮት በኩል ከእጄ ተነጠቀ። እያነበብኩበት ስለነበር አልተቆለፈም፤ ኢሜይሌም ክፍት ነበር። ላፕቶፔ በዚያ ሳምንት ጥገና ቤት ገብቷል፤ ሦስተኛው መሣሪያዬ፣ የቢሮው ኮምፒዩተር፣ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። የይለፍ ቃሎቼ በሦስት መሣሪያዎች ላይ ስላሉ ምንም አይደርስብኝም ብዬ ለሁለት ዓመት ተማምኜ ነበር፤ በዚያች ምሽት ግን ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከእጄ ራቁ።

አሠራሬ ይህን ይመስል ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው ያው ነው። ሦስት መቶ የሚጠጉ የይለፍ ቃሎቼ የተቀመጡት ኪፓስ በተባለው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ዓይነት ካዝና ውስጥ ነው። ኪፓስን ዶሚኒክ ራይክል እ.ኤ.አ. በ2003 ካወጣው ወዲህ ሌሎች ሰዎች ያንኑ የፋይል ዓይነት የሚከፍቱ ፕሮግራሞች ሠርተዋል፤ እኔ በኮምፒዩተር ኪፓስኤክስሲን፣ በአንድሮይድ ስልኬ ኪፓስዲኤክስን እጠቀማለሁ። ካዝናው መጠኑ ከአንድ ሜጋባይት ያነሰ አንድ የተመሰጠረ ፋይል ብቻ ነው። ይህን ፋይል በመሣሪያዎቼ መካከል የሚያመላልስልኝ ሲንክቲንግ የተባለ ፕሮግራም ነው። ሲንክቲንግ ፋይሉን በማንም ኩባንያ ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም፤ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ከተገናኙ ኢንተርኔት ባይኖርም እንኳ ያሰምራል፤ ማለትም ፋይሉ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስደስተኝ ይረዳኛል።

ማስመር ግን ምትኬ መያዝ አይደለም። ይህን የተማርኩት ስልኬ ከመሰረቁ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ጠዋት ቢሮ ሆኜ የአንድ አገልግሎት የይለፍ ቃል በስልኬ ላይ ቀየርኩ። ማታ ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል፤ ራውተሩም አብሮ ጠፍቷል። ላፕቶፑን በባትሪ ከፍቼ፣ የጠዋቱ ለውጥ ገና ባልደረሰበት አሮጌ ካዝና ውስጥ ሌላ ነገር ጨመርኩና አስቀመጥኩ። መብራት ሲመጣ ሁለቱ መሣሪያዎች ተገናኙ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ለውጥ ይዘው መጡ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሲንክቲንግ ቀድሞ የተቀየረውን ፋይል አይጥለውም፤ በስሙ ላይ «ሲንክ-ኮንፍሊክት» (የማስመር ግጭት) የሚል ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጨምሮ ከጎን ያስቀምጠዋል። እኔ ግን ያንን ረጅም ስም ያለው ፋይል ቆሻሻ መስሎኝ ሰረዝኩት። ስረዛውም እንደ ማንኛውም ለውጥ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ሁሉም መሣሪያ ተላለፈ፤ የጠዋቱ የይለፍ ቃልም አብሮ ሄደ።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። ኪፓስኤክስሲ ሁለት ካዝናዎችን የሚያዋህድ ትእዛዝ አለው፤ እያንዳንዱ መዝገብ የራሱ መለያ ቁጥርና የመጨረሻ የተለወጠበት ሰዓት ስላለው፣ ፕሮግራሙ አዲሱን ከላይ አድርጎ አሮጌውን በመዝገቡ ታሪክ ውስጥ ያቆየዋል። ከዚያ ወዲህ «ሲንክ-ኮንፍሊክት» የሚል ስም ሳይ አዋህዳለሁ እንጂ አልሰርዝም። ሲንክቲንግ ውስጥ የቆዩ ቅጂዎችን የሚያስቀምጠውን አማራጭም አበራሁት፤ ይህ አማራጭ ካላበሩት በስተቀር በራሱ አይሠራም።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ከዚያ የስረዛ ስህተት በኋላ የካዝናውን ቅጂ በሁለት ፍላሾች ላይ አድርጌ አንዱን እቤቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላውን ቀበና የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘንድ፣ ከታሸገ ፖስታ ጋር አኑሬ ነበር። በፖስታው ውስጥ ያለው የኢሜይል አገልግሎቴ የሰጠኝ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የ10 መጠባበቂያ ኮዶች ዝርዝር ነው። ይህን ወረቀት አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የማረጋገጫ ደረጃ የተሰረቀው ስልክ ላይ ከሆነ፣ ካዝናውን ከፍቶ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ማግኘት ብቻውን ወደ ኢሜይል አያስገባም። ዋናውን የይለፍ ቃል ግን በወረቀት ላይ አልጻፍኩም፤ በቃሌ የያዝኩት አምስት የአማርኛ ቃላት ስለነበሩ እንደማልረሳቸው እርግጠኛ ነበርኩ።

አልረሳኋቸውም። እህቴ ቤት ሄጄ፣ በእሷ ላፕቶፕ ላይ ኪፓስኤክስሲን አውርደን፣ የአማርኛ ኪቦርድ ስላልነበረው እሱንም ጨምረን፣ አምስቱን ቃላት ጻፍኩ፤ ካዝናው አልተከፈተም። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከርኩ። እህቴ ቡናውን ትታ መጥታ ከጀርባዬ ቆመች፤ በነጠብጣብ የተሸፈነውን ጽሑፍ የሚገልጠውን የዓይን ምልክት ነክተን ስታነብ ቆየችና «ይቺን ፀሐይ ስትጽፋት በሃሌታው ሀ ነበር ወይስ በሐመሩ ሐ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ቃል ለሁለት ዓመት ስጽፈው የኖርኩት በስልኬ ላይ፣ ጣቴ በለመደው መንገድ ነው፤ ዓይኔ ፊደሉን አይቶት አያውቅም። ለአንባቢ ጸሀይም ፀሐይም ያቺው ፀሐይ ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ግን በጸሎቱ ጸ የተጻፈው ሌላ ቃል፣ በፀሐዩ ፀ የተጻፈውም ሌላ ቃል ነው። ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ለመጀመሪያው ፊደል ሁለት አማራጭ፣ ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ስድስት አማራጭ፤ 12 ዓይነት አጻጻፍ ማለት ነው። ከአምስቱ ቃላት ሌላው ዓለም ነበር፤ በዓ፣ በዐ፣ በአ ወይም በኣ ሊጀመር ይችላል። ሌላው ሥራ ነበር፤ በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ። ሁሉም ሲባዛ 96 ይሆናል። እህቴ በደብተር ላይ ሠንጠረዥ አስምራ፣ እኔ እየጻፍኩ እሷ እየሰረዘች ቀጠልን፤ ካዝናው የተከፈተው በአርባ አንደኛው ሙከራ ነው፤ በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ። ፋይሉ በእጃችን ስለነበር ብዙ ሞከርክ ብሎ የሚዘጋብን አልነበረም። ኪፓስ የሚጠቀምበት አርጎን2 የተባለው ስልት ግን እያንዳንዱን ሙከራ ሆን ብሎ ያዘገያል። ለሌባ የታሰበችው ያች አንድ ሰከንድ ለእኔም በዚያ ምሽት በጣም ረዝማብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢሜይሌን ከፍቼ፣ ከተሰረቀው ስልክ ላይ ሁሉንም አስወጥቼ፣ ስልኩንም ከርቀት አጸዳሁት።

በማግስቱ ዋናውን የይለፍ ቃል ቀየርኩት። ፊደላችንን እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን ስወስን ከልቤ አዝኛለሁ፤ ሆኖም አዲሱ የይለፍ ቃሌ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ በተውሶ ኮምፒዩተር ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው እሱ ነውና። ቃላቱን የመረጥኩት አርኖልድ ራይንሆልድ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ዳይስዌር በሚባለው ዘዴ ነው፤ ዳይስ አምስት ጊዜ እየተጣለ ከ7,776 ቃላት መካከል አንዱ ይወጣል፤ እኔ ስድስት ቃላት አወጣሁ። በአማርኛ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ሞክሼ ፊደል የሌላቸውን ቃላት ይምረጥ፤ ቡና፣ ወንበር፣ ተራራ፣ ጤፍ፣ ቅጠል የመሳሰሉት አንድ አጻጻፍ ብቻ አላቸው። በየትኛውም ፊደል ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በማያውቁት ኪቦርድ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ዋናው የይለፍ ቃል አሁን በወረቀት ላይ ሰፍሮ በታሸገ ሌላ ፖስታ ይቀመጣል፤ ፖስታው ከፍላሹ ጋር በአንድ ቦታ አይኖርም።

ፋይል ማመላለስ የሚከብደው ሰው ቢትዋርደንን የመሰለ በራሱ ሰርቨር የሚያሰምር አገልግሎት ቢጠቀም አልቃወምም፤ የሁለት ቅጂዎችን መጋጨት በአብዛኛው ያስቀርለታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ሰርጎ ገቦች ላስትፓስ ከተባለው ተመሳሳይ አገልግሎት የደንበኞችን የተመሰጠሩ ካዝናዎች ቅጂ መውሰዳቸው ይታወቃልና፣ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ዋና የይለፍ ቃሉ ጠንካራ መሆን አለበት። ምትኬውንም ራሱ ማውጣት አለበት። ቢትዋርደን የተመሰጠረ ምትኬ ሲያወጣ ሁለት ዓይነት ያቀርባል፤ አንደኛው ወደዚያው አካውንት ብቻ የሚመለስ ሲሆን፣ አካውንቱ ራሱ ከጠፋ አይጠቅምም፤ በይለፍ ቃል የሚቆለፈውን ሁለተኛውን መምረጥ ይሻላል። በሲኤስቪ፣ ማለትም በተራ የሠንጠረዥ ጽሑፍ፣ መልክ የሚወጣው ፋይል ደግሞ ጭራሽ አይመሰጠርም፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል።

እኔ አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለቱን ፍላሾች አድሳለሁ፤ የእህቴን ፍላሽ ስሄድ እወስዳለሁ፣ አዲሱን ትቼላት እመለሳለሁ። በጳጉሜ ደግሞ፣ ቀኖቹ ጥቂትና ሥራውም ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ፣ ሙሉውን ሙከራ እናደርጋለን፤ የራሴን መሣሪያዎች ሳልነካ፣ በእህቴ ላፕቶፕ ላይ ፍላሹን ሰክቼ፣ ካዝናውን ከፍቼ፣ አንድ መዝገብ አውጥቼ፣ በእሱ እገባበታለሁ። ባለፈው ጳጉሜ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች፤ የዋናውን የይለፍ ቃል ፖስታ ቀድዳ፣ ስድስቱን ቃላት አንድ በአንድ እየጠራች ጻፈች፤ ካዝናውም በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈተ።