ከሥር የሚበራው ጠረጴዛዬ

ከአሮጌ ፕሮጀክተር ከሥሩ የሚበራ የጠረጴዛ ስክሪን ለመሥራት ስነሣ ያሳሰበኝ የእንጨቱ ሥራ ነበር። እንጨቱን ግን የሰፈራችን አናጺ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው፤ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ብርሃኑ በሳጥኑ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማስተካከል ነው።

ፕሮጀክተሩን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ከላይ ማብራት ይቀል ነበር። ይሁን እንጂ ጠረጴዛውን የፈለግሁት የእህቴ ልጆች ፊደል እንዲለማመዱበት ስለሆነ፣ ጎንበስ ባሉ ቁጥር የገዛ ጥላቸው ፊደሉን ይሸፍንባቸዋል። ከሥር ሲበራ ይህ ጣጣ የለም።

የእኔ ፕሮጀክተር የምስሉን ስፋት 1.5 እጥፍ ርቀት ይፈልጋል። ምስሉ 80 በ60 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ስለወሰንሁ ሌንሱ ከስክሪኑ 120 ሴንቲ ሜትር መራቅ ነበረበት፤ ጠረጴዛው ደግሞ ቁመቱ 75 ብቻ ነው። ወለሉን ቆፍሬ ፕሮጀክተሩን ካልቀበርሁት በቀር ያለው አማራጭ ብርሃኑን በመስታወት ማጠፍ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ በጎን ተቀምጦ 60 ሴንቲ ሜትር አግድም ያበራል፤ በ45 ዲግሪ ያጋደለው መስታወት ተቀብሎ ቀሪውን 60 ሽቅብ ይልከዋል። በዚህ ስሌት ሌንሱ ከጠረጴዛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ስለወጣ፣ ለእሱ የተሠራውን ተቀጥላ ሳጥን እህቴ «ጅራቱ» ትለዋለች።

ከስክሪን ጀርባ የሚበራ ምስል ግራና ቀኙ እንደሚገለበጥ አውቅ ስለነበር፣ ገና ሳልሞክር ከፕሮጀክተሩ ቅንብር ውስጥ ምስሉን የሚገለብጠውን ምርጫ ከፈትሁ። መጀመሪያ ያሳየሁት «ሀ»ን ነበር፤ «ሀ» ቢገለበጥም ያው «ሀ» ነውና ምንም አልጠረጠርሁም። ወደ «ሁ» ስሻገር ግን ቅጥሏ በግራ በኩል ተንጠልጥላ ወጣች። ለካ መስታወቱ ራሱ አንድ ጊዜ ገልብጦት ኖሮ እኔ በላዩ ላይ ደግሜዋለሁ። ምርጫውን ስዘጋው ተስተካከለ።

ለስክሪኑ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕሌክሲግላስ ገዝቼ፣ ከሥሩ መሐንዲሶች ንድፍ የሚገለብጡበትን ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ወጠርሁበት። በኮላ ስለጥፈው ስለተጨማደደ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በፕላስተር ያዝሁት። በአንድ ወረቀት የሌንሱ ብርሃን መሃል ላይ እንደ ፀሐይ ቦግ ብሎ ዓይን ይወጋ ነበር። ሁለት ሳደርገው ብርሃኑ በእኩል ተሠራጨ፤ ምስሉ ግን ስለደበዘዘ ቀን ቀን መጋረጃ መዝጋት ግድ ሆኗል። ጅራቱን መጀመሪያ ድፍን አድርጌ ስላሠራሁት ፕሮጀክተሩ በሙቀት ብዛት በራሱ ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ ጎኑን በስቼ የኮምፒውተር ማራገቢያ ከገጠምሁለት ወዲህ ግን ሰላም ነው።

እስካሁን ያልተፈታው ችግር የመስታወቱ ነው። ከመስታወት ቆራጭ የገዛሁት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የፊት መስታወት ነው፤ ብርሃን የሚመልሰው ቅብ ከመስታወቱ ጀርባ ስለሆነ፣ የፊተኛው ገጽም በበኩሉ ጥቂት ብርሃን ይመልሳል። በዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ፊደል በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ፈንጠር ብላ የምትታይ ደብዛዛ መንታ አለችው። መድኃኒቱ ቅቡ ከፊት የሆነ መስታወት ነው። ለሙከራ ከተጣለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያወጣሁትን እንዲህ ያለ ቀጭን ቁራጭ በተራው መስታወት ላይ ሳስቀምጠው፣ ቁራጩ ባረፈበት ልክ መንታዋ ጠፍታ ሌላው ቦታ እንዳለ ቀረ። ጠረጴዛውን የሚያህል ግን ስላላገኘሁ ፊደሎቹን በጣት ርዝመት ልክ አሳድጌ ችግሩን ሸፋፍኜዋለሁ።

ልጆቹ ስስ ወረቀት ዘርግተው በእርሳስ ይገለብጣሉ። ትልቋ ዋናውን ፊደል ብቻ ትከተላለች፤ ትንሹ ደግሞ ደብዛዛዋን «የሁ ጥላ» ብሎ ስም አውጥቶላት፣ እሷንም ሳይጽፍ አያልፍም።