ዓሣውን ከወገቤ ፈታሁት

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ተመልሼ ባሕር ገባሁ። ሻርክም አየሁ። የሚወደውን ነገር በፍርሃት ትቶ የተቀመጠ ሰው ካለ ትንሽ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነውና የምጽፈው፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ደርባን ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። የልብስ ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። እሑድ እሑድ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ወደ ባሕር ይወስደኝ ጀመር። መጀመሪያ ዋና፣ ከዚያ በማስክ መጥለቅ፣ ከዚያ ስፒርጋን። ለማያውቀው ሰው፣ ስፒርጋን በወፍራም ላስቲክ የሚወነጨፍ ረጅም ጦር ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ዓሣ መውጋት ክልክል ስለሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው። አየር ትስባለህ፣ ትጠልቃለህ፣ ድንጋይ ጥግ አድፍጠህ ትጠብቃለህ፣ ትወጋለህ፣ ትወጣለህ። እዚያ ታች ያለው ጸጥታ እንዴት እንደሚያረካ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። የሳምንቱ ድካም በሙሉ ላዩ ላይ ይቀር ነበር።

2010 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ። ሌሊቱን ዘንቦ የወንዙ ድፍርስ ከባሕሩ ጋር ተቀላቅሏል። ጓደኛዬ «ዛሬ ይቅርብን» አለኝ። እኔ እምቢ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ሦስት ዓሣ ወግቼ በገመድ ወገቤ ላይ አንጠልጥያለሁ። አራተኛውን ፍለጋ ጎንበስ እንዳልኩ አንድ ነገር ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ሰው የጎተተኝ ነበር የመሰለኝ። ሲለቀኝ ዞር አልኩ። ግራጫ ጎን አየሁ፣ እንደ ግድግዳ የሰፋ፤ ከዚያ ጅራት፣ ከዚያ ቡናማ ውኃ ብቻ። ገመዱ ተበጥሷል፣ ዓሦቹ የሉም። ወገቤ ላይ ሰንበር ወጣ እንጂ ጥርስ አልነካኝም። እንዴት ዳርቻ እንደደረስኩ እስከ ዛሬ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ አልገባሁም። በዓመቱ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ስፒርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አስገባሁት። ባሕር በሌለበት አገር ተኝቼ ሌሊት ወገቤን ይዤ እነቃ ነበር። ስለ ሻርክ የሚያወራ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ድንገት ሲመጣ እጄ ያልበዋል። «ሻርክ ሰው አይፈልግም» የሚል ጽሑፍ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። አንዱም አልረዳኝም።

የረዱኝ የብሎካችን ጥበቃ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰፈራችን ከተማው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ስለሆነ ሌሊት ጅብ ይጮኻል። አንድ የገና ዋዜማ ቅርጫ የደረሰኝን ሥጋ በፌስታል ይዤ አምሽቼ ስገባ በሩ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ሥጋ ይዘህ በእግርህ ትመጣለህ? ጅቡ የሚፈልገው አንተን አይደለም፣ የያዝከውን ነው። የያዝከው ግን አንተ ነህ።» እሺ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ደረጃው መሐል ቆምኩ። ፌስታሉ ከታች ደም አቁሯል፤ ጣቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ እኮ ደም የሚያንጠባጥብ ዓሣ ወገቤ ላይ አስሬ፣ በድፍርስ ውኃ፣ ብቻዬን ነበርኩ።

ያን ሌሊት ነው ነገሩ የገባኝ። የፍርሃቴ ግማሹ ትክክል ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰዉ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ፍርሃቱን በሙሉ ከንቱ ነው እያልን ልናጠፋው ስንታገል አልጠፋም፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነበር። እውነቱን ግማሽ ለይቼ ካወጣሁ በኋላ ነው ሌላው መላላት የጀመረው።

እውነቱ ይኸውላችሁ። የተወጋ ዓሣ ሲፈራገጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። ሻርክ ይህን ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ደሙን ያሸታል። ቀረብ ሲል ደግሞ አፍንጫው ዙሪያ ባሉ ቀዳዳዎች የጡንቻን ደካማ ኤሌክትሪክ ሳይቀር ይለያል። ደርባን አካባቢ ዛምቤዚ የሚሉት ሻርክ የወንዝ አፍና ድፍርስ ውኃ ይወዳል፤ ወንዝ ውስጥ ራሱ ይገባል። የኔን ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ባላውቅም የቆምኩት እሱ የሚያድንበት ቦታ ላይ ነበር። ፍሎሪዳ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዓለምን የሻርክ ንክሻ ይመዘግባል። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ሁሉ ሻርኩን ሳይተናኮል የተነከሰው ሰው 47 ነው፣ የሞተው 4። ትንሽ ነው። ግን ዓሣ እየወጋ የተነከሰ ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ «ሰው የጠራው ንክሻ» በሚለው መዝገብ ነው የሚሰፍረው። መጀመሪያ ሳነበው ከፋኝ። ኋላ ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ሰው የጠራውን ሰው ሊያስቀረው ይችላል።

ሮድኒ ፎክስ የሚባል አውስትራሊያዊ አለ። በ1963 እ.ኤ.አ. የዓሣ መውጋት ውድድር ላይ እያለ ነጭ ሻርክ ደረቱን ነክሶ ሊገድለው ምንም አልቀረውም። ተመልሶ ባሕር ገባ፤ ከዚያም ዕድሜውን ነጭ ሻርክን በማወቅና በማሳወቅ አሳለፈ። የእኔ ሰንበር ከሱ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ፎቶውን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልፈራው የኖርኩት አለ፣ መፍራት የነበረብኝም እሱን ነው። ራስን መሳት። በአንድ ትንፋሽ የሚጠልቅን ሰው ከሻርክ ይልቅ የሚገድለው ይሄ ነው። ደረትን የሚያስጨንቀው የኦክስጅን ማለቅ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። እኔ ከመጥለቄ በፊት ፈጣን ፈጣን ትንፋሽ እወስድ ነበር፣ የሚያጠነክረኝ መስሎኝ። ያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አጥቦ ያወጣውና ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፤ ኦክስጅን ግን ይህ ነው የሚባል አይጨምርም። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ የውኃው ግፊት ይቀንሳል፣ ሳንባህ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚስተው ለመውጣት ጥቂት ሜትር ሲቀረው ነው፣ ያለ ምንም ምልክት። ላዩ ላይ ጓደኛ ካለ ይይዘዋል። ከሌለ ይሰምጣል። ስንት ጊዜ ብቻዬን እንደጠለቅኩ ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ልምምዱን ጥር ላይ ጀመርኩ። ጠዋት ሰማያዊዋን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ፊቴን እነክራለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ሲነካ ሰውነት ራሱ የልብን ምት ያዘገያል፤ ያን በጣቴ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። ዱብ ዱብ ዱብ የነበረው ዱብ... ዱብ... ይሆናል። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን በሩን ከፍታ ስታየኝ ደንግጣ ነበር፤ አሁን ሰዓት የምትይዝልኝ እሷ ናት፣ ሳፋም ቢሆን ውኃ ስለሆነ ብቻዬን አልሞክረውም። ትንፋሽ የመያዝ ልምምዱን ደግሞ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ ነው። ደርባን ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ እይዝ ነበር፣ እዚህ አንድ ከሃያ። የከተማችን ከፍታ አለበት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በአራት ወር ሁለት ደቂቃ ከሃያ አምስት ደረስኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ የሻርክ ቪዲዮ ከፍቼ ያለ ድምፅ አየሁ፣ ምቴ ወርዶ እስኪረጋጋ ድረስ ሳላጠፋ። መጀመሪያ 104 ነበር። ሚያዝያ ላይ 76።

ከዚያ ባቦጋያ። ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ በታክሲ ቅርብ ነው። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል፤ መሐሉ 65 ሜትር ይደርሳል። ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ሩቅ አያሳይም። ለእኔ የፈለግኩት ድፍርስ ይሄው ነበር። ዋና የሚችል የሥራ ባልደረባዬ ላዩ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጨው የሌለው ውኃ እንደ ባሕር ወደ ላይ ስለማይገፋ ለመጥለቅ እንዲረዳኝ ወገቤ ላይ የማስረውን የእርሳስ ብረት ክብደት ከአምስት ኪሎ ወደ ሦስት ቀነስኩ። ስድስት ሜትር ላይ ገመዱን ይዤ ቆምኩ። አምባዛና ቆሮሶ እንጂ ሻርክ እንደሌለ አውቃለሁ። ወገቤ ግን አያውቅም። ከኋላዬ የሆነ ነገር ያለ ይመስለኝና ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። ሦስት ቅዳሜ እንደዚያ እየሆንኩ ወጣሁ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ለመሸሽ ሳይሆን ለማየት ብዬ ቀስ ብዬ ሙሉ ዙር ዞርኩ። አረንጓዴ ብቻ። ስወጣ ባልደረባዬ «ዛሬ ቆየህ» አለኝ።

ነሐሴ ላይ ደርባን ሄድኩ። የድሮው ጓደኛዬ ይዞኝ ኡምኮማስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ከዚያም አሊዋል ሾል ወደሚባለው የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ቦታ ወጣን። በክረምታቸው ራጊ የሚሏቸው ሻርኮች እዚያ ይሰበሰባሉ። ጦር አልያዝኩም፣ ለማየት ብቻ። አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ከድንጋዩ ሥር ከአሸዋው ከፍ ብለው አምስት ሆነው ተንሳፍፈው ቆመዋል። ራጊ አፉን ቢዘጋም ጥርሱ ወደ ውጭ ተንጨፍርሮ ይታያል። አስፈሪ ፊት ነው። ግን ረጋ ያለ እንስሳ ነው፤ ከላይ አየር ውጦ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው እንደዚያ ሳይሰምጥ የሚቆመው። አንዷ ቀስ ብላ ከሥሬ አለፈች። ዓይኗ ትንሽ ነው፣ ፈዛዛ። ጎኗ ላይ የቡና ዝቃጭ የመሰሉ ነጠብጣቦች አሉ። ወገቤ ዝም አለ። ስወጣ ማስኬ ውስጥ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ውኃው ጥርት ባለ ቀን ጦር ይዘን ወጣን። አንዳችን ስንጠልቅ ሌላችን ላይ እንጠብቃለን። ጦሩ የታሰረው በረጅም ገመድ ከተንሳፋፊ ጋር ነው፤ ወገቤ ላይ ከእርሳሱ በቀር ምንም የለም። ጋሪክ የሚሉትን አንድ ዓሣ ወጋሁ፣ 84 ሴንቲ ሜትር። እንዳይፈራገጥ ወዲያው ጭንቅላቱን በቢላ ወግቼ ጨረስኩት፣ ጓደኛዬም ገመዱን ስቦ ጀልባ ላይ አወጣው። ያኔ ነው ብላክቲፕ የሚሉት ሻርክ የመጣው፣ ከኔ ቁመት ትንሽ ቢያጥር ነው። ጀርባዬን አልሰጠሁትም። እየዞረ እየዞርኩ ፊት ለፊት አየሁት። ሁለት ጊዜ ዞረን፣ ምንም የሚወስደው ነገር አላገኘም፣ ሄደ። እኛም ዕቃችንን ሰብስበን ቦታ ቀየርን።

አሁን ቱሉ ዲምቱ ነኝ። ስፒርጋኑ ከአልጋ ሥር ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌሊት ወገቤን ይዤ መንቃቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፣ ባለፈው ወር አንድ ጊዜ መጥቷል። ባልደረባዬ ወደ ሐዋሳ ስለተዛወረ ቅዳሜ ባቦጋያ ላይ አብሮኝ የሚሆን ሰው የለኝም፣ ብቻዬን ደግሞ አልገባም። በደንብ ዋና የሚችል፣ ላይ ሆኖ ሰዓት እያየ የሚጠብቀኝ፣ በተራው እኔም የምጠብቀው ሰው ካለ ይንገረኝ። ማስክና ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና መቅዘፊያ) ትርፍ አለኝ።