ኮሪሌሽን የገባኝ መስቀል ሳሰምርበት ነው

ስካተር ፕሎት መሥራት ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ዕቃ ሁለት ቁጥር አላችሁ፤ አንዱን በአግድሙ፣ ሌላውን በቋሚው አክሲስ ፈልጋችሁ ነጥብ ታስቀምጣላችሁ። በቃ። እኔን ያደከመኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የኮሪሌሽን ፎርሙላ ነው፤ ኮሪሌሽን ማለት ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚናገር ቁጥር ነው። ሸምድጄዋለሁ፣ ፈተና ላይም ሠርቼበታለሁ። ምን እየለካ እንደሆነ ግን ለሰው ማስረዳት አልችልም ነበር።

መላው የተገኘው አማካዮቹ ላይ መስቀል ሳሰምር ነው።

አምስት ነጥብ እንውሰድ፦ (1፣ 2)፣ (2፣ 4)፣ (3፣ 5)፣ (4፣ 4)፣ (5፣ 5)። የኤክስ አማካይ 3፣ የዋይ አማካይ 4 ነው። 3 ላይ ቁልቁል፣ 4 ላይ አግድም ስታሰምሩ ግራፉ አራት ቦታ ይከፈላል። አሁን ለእያንዳንዱ ነጥብ ከሁለቱ አማካዮች ያለውን ልዩነት አባዙ። (1፣ 2) ከሁለቱም በ2 ያንሳል፤ -2 በ-2 ሲባዛ 4። (5፣ 5) አንዱን በ2፣ ሌላውን በ1 ይበልጣል፤ ብዜቱ 2። የቀሩት ሦስቱ መስቀሉ ላይ ስላረፉ ዜሮ ናቸው። ድምሩ 6 ሆነ።

ነገሩ ገመድ ጉተታ ነው። ላይ በቀኝና ታች በግራ ያሉ ነጥቦች ወደ ፖዘቲቭ ይጎትታሉ፤ የሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ወደ ኔጋቲቭ። ፎርሙላው ውስጥ ድምሩ የሚካፈልበት ያ አስፈሪ አካፋይ ደግሞ ሥራው ውጤቱን ከ-1 እስከ 1 ማስገባት ብቻ ነው። የኤክስ ልዩነቶች ስኩዌር ድምር 10፣ የዋይ 6፤ ሲባዙ 60፣ የ60 ስኩዌር ሩት 7.75 ገደማ። 6 ለዚህ ሲካፈል 0.77 ይመጣል። ቁመትን በሜትርም ለኩት በሴንቲ ሜትር መልሱ የማይለወጠው በዚሁ አካፋይ የተነሳ ነው።

መስቀሉ ሌላም ነገር ያሳያል። (-2፣ 4)፣ (-1፣ 1)፣ (0፣ 0)፣ (1፣ 1)፣ (2፣ 4) ላይ ሞክሩት። ዋይ የኤክስ ስኩዌር ነው፤ ከዚህ በላይ ግልጽ ዝምድና የለም። ግራና ቀኙ እኩል ስለሚጎተት ግን ኮሪሌሽኑ ዜሮ ነው። ፎርሙላው የሚያየው ቀጥ ያለ መስመርን ብቻ ነዋ!

ኮሪሌሽን ምክንያትን አያሳይም የሚለውን ሁሉም ሰው ይደግመዋል፤ እኔ አላበዛበትም። ከልጆች መካከል ትልቅ ጫማ የሚያደርጉት የተሻለ ያነባሉ፤ ዕድሜያቸው ስለሚበልጥ ነው እንጂ እግር አያነብም።

አሁን ቁጥሩን ከማስላቴ በፊት ሁሌም ነጥቦቹን እስላለሁ። ለዚህ ልማዴ ዋናው ምክንያት ፍራንሲስ አንስኮም የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው በ1973 ያሳተማቸው አራት ግራፎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው፣ የሁሉም ኮሪሌሽን 0.82 ገደማ ነው፣ መልካቸው ግን ለየቅል። አንዱ የተዝረከረከ መስመር፣ አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ ደግሞ አንድ ነጥብ ብቻ ያፈነገጠበት ቀጥ ያለ መስመር። አራተኛው ይባስ፦ አሥሩ ነጥቦች ኤክስ 8 ላይ ቁልቁል ተደርድረዋል፣ አንዷ ብቻ ርቃ 19 ላይ ተቀምጣለች። እሷን በጣታችሁ ብትሸፍኗት ኮሪሌሽኑን ጭራሽ ማስላት አይቻልም፤ ኤክስ ስለማይለዋወጥ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል።