የመንግሥትን ድርሻ በደብዳቤ አትመኑ

እንደ ፓርክ ላለ ጥብቅ ቦታ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ካርታ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የፈቃድ ደብዳቤ ታሟላላችሁ። ፈንዱን መምረጥም የራስን መጠን ማወቅ ነው። ጂኢኤፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ አነስተኛ ድጎማ ፕሮግራም ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሆናል። በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው ሌጋሲ ላንድስኬፕስ ፈንድ ደግሞ ለአንድ ቦታ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ለትልልቅ ቦታዎች ነው።

እኛን ያንገበገበን ተጓዳኝ መዋጮ የሚሉት ነገር ነው፤ ለጋሹ ከሚሰጠው ጎን መንግሥት ከራሱ የሚያዋጣው ድርሻ ማለት ነው። የእኛ ለጋሽ መመሪያ የጥበቃዎች ደመወዝና ነዳጅ የመንግሥት ድርሻ ነው ይላል። ፓርኩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም «እችላለሁ» ብሎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጠን። ፕሮጀክቱ ጸደቀ። ፒክአፕና የመገናኛ ሬዲዮ ተገዛ።

ከዚያ አዲሱ የበጀት ዓመት ገባና የነዳጅ በጀቱ ተቆረጠ። ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ከላይ አልተለቀቀም»። የቅኝት መዝገቡን ስገልጥ «ነዳጅ የለም» የሚል ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የጥበቃው ፊርማ ግን በየቀኑ አለ። በእግሩ የቻለውን ያህል ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው። ደመወዙም ዘግይቶበት።

ይሄ ሳያንስ ለጋሹ ሁለተኛውን ክፍያ ያዘው። ምክንያቱ? መንግሥት ድርሻውን አላዋጣም። ቃሉን ያጠፈው መሥሪያ ቤቱ፣ የተቀጣው ጥበቃው! እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። በጽሑፍ አቤት ብንል መመሪያውን ገጽ ጠቅሰው መለሱልን። ጫካው ውስጥ ወጥመድ የሚዘረጋው ሰው ግን መመሪያ አይጠብቅም።

ስለዚህ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ የቅኝት አበል፣ ራሽን፣ ነዳጅና የመኪና ጥገና ዋናው በጀት ውስጥ ይግባ። አይሆንም ካሏችሁ አንድ መኪና ቀንሱና ተከራከሩ። ነዳጅ የሌለው ሁለተኛ መኪና ለማንም አይጠቅምም። የመንግሥትን ድርሻ ፈንዱ ከፈቀደ በገንዘብ ሳይሆን በዓይነት አስመዝግቡ፤ ቢሮው፣ መጋዘኑ፣ የባለሙያው ጊዜ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች እስከ 2030 ድረስ የዓለምን የብስና ባሕር 30 በመቶ ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ጠባቂው ካልተከፈለው ይህ ሁሉ ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ሆኖ ይቀራል።

በቀጣዩ ውላችን የመንግሥት መዋጮ ቢዘገይም የጥበቃዎች ክፍያ እንደማይቆም የሚል አንቀጽ አስገብተናል። ለጋሹ መጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። የቅኝት መዝገቡን ገጾች ኮፒ አድርገን አያያዝንለት። ፈረመ።