ስም ዝርዝሩ ከመነበቡ በፊት

ለምግብ እጥረት የተጋለጡ የገጠር ቤተሰቦችን በእህልና በገንዘብ የሚደግፈው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተጠቃሚዎችን በመለየቱ ሥራ ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲሳተፍ መደረጉ፣ በእኔ እምነት፣ ከእህሉና ከገንዘቡ የማይተናነስ ቁም ነገር ነበር። ሆኖም ኃላፊነት መስጠት ብቻውን አይበቃም። በአንድ ቀበሌ፣ በዋርካ ጥላ ሥር የተመረጡት ሰዎች ስም ሲነበብ ተገኝቼ ነበር፤ መስፈርቱ አስቀድሞ በየመንደሩ ስላልተብራራ፣ ጉልበት አጥተው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሰጡ አንዲት ባልቴት ስማቸው ሲታለፍ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም አሉ። አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ መኖሩን የነገራቸው ሰው አልነበረም። የፕሮግራሙ ባለሙያዎችም ቢሆኑ የክፍያ መዝገቡን አሞላል የተማሩት ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ተጠቃሚዎች ለድጋፉ በምላሹ የሚሠሩት እንደ እርከን ያለው የማኅበረሰብ ሥራ እርሻ በሚቀልበት ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ እንዲከናወን የታሰበ በመሆኑ፣ ይህ ሁሉ ዝግጅት እስከ ታኅሣሥ ካልተጠናቀቀ የእርከኑ ሥራ ከእርሻው ጋር ይጋጫል። ባልቴቷ አቤት ያሉት በዓመቱ ነው።