የአባ ኮዳ መነጽር

ሐዋሳ ለሚኖር ሰው አባ ኮዳን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ለሌላው ልንገር። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርለት ቆሞ የሚጠብቀው ያ መላጣ ወፍ ነው። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። አንገቱ ሥር ሮዝ ከረጢት ተንጠልጥላለች። አረማመዱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ኃላፊን ያስታውሳል። እግሩ ነጭ ካልሲ ያደረገ ይመስላል፤ ግን ካልሲ አይደለም። ሙቀት ሲበዛበት የገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ነጩ ነገር እሱ ነው። ይቺን ካልሲ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ ለካርቱን ድርሰት እጽፋለሁ። ስቱዲዮ የምንለው ነገር ያኔ አራት ሰው፣ ሦስት ኮምፒውተርና ቀን ከሌት የሚጮህ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ነበር። አንድ ድርጅት ሥራ ሰጠን። ለልጆች፣ በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ስለ ሐይቁ ንጽሕና፣ እያንዳንዱ ክፍል አራት ደቂቃ፣ አስቂኝ። «አስቂኝ» የምትለዋን ቃል ውሉ ላይ ያስገቧት እነሱ ናቸው። በኋላ ነገር ሲመጣ በዚች ቃል ልከራከር አስቤ ነበር።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ሐይቁ ዳር ፌስታል ተከምሯል። እንስሳቱ ስብሰባ ተጠሩ። ሰብሳቢው አባ ኮዳ ነው። አምባዛ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ቆሮሶ የምትባለዋ ዓሣ ለመናገር ክንፏን ታነሣለች፣ ዕድል አይሰጣትም። ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሐሳብ ይደግፋል፤ እርስ በርስ የሚጋጩትንም። አባ ኮዳ ሪፖርት ያነባል፦ «በጠንካራ ጎን፣ ፌስታል መኖሩ ከሞላ ጎደል ተረጋግጧል። በውስንነት፣ ፌስታሉ አልተነሣም። በቀጣይ አቅጣጫ፣ ለፌስታሉ ልዩ ትኩረት ሰጥተን እንሰበሰባለን።» እሱ ሲያነብ ፌስታሉ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው እስከ አንገቱ ተቀብሮ «ሌላ አስተያየት ያለው?» ይላል።

ስጽፈው ብቻዬን ሳቅሁ። ጽፎ ብቻውን የሚስቅ ሰው መጠርጠር እንዳለበት ያኔ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለብኝ፣ ብዙ ሰው ያምታታዋልና። የሪፖርቱን አነጋገር ቀድቼ ማጣመሜ ፓሮዲ ነው። ስብሰባን እንደ ሥራ የሚቆጥረውን አመል መውጋቴ ደግሞ ስላቅ ነው። ፓሮዲው ልብሱ ነው፣ ስላቁ ጦሩ። እኔ ሁለቱንም በአራት ደቂቃ ውስጥ ጨመርኩና ኮራሁ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥራውን የሚከታተሉት የድርጅቱ አስተባባሪ ጥሩ ሰው ናቸው። ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ንግግራቸው ሁሉ «ይሄ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብሎ ይጀምራል። ምን እንደተጠበቀ ጠይቀናቸው አናውቅም። ሥዕሎቹን የሚያንቀሳቅሰው አኒሜተራችን አንድ ማታ አባ ኮዳ ግንባር ላይ መነጽር ሰቀለና ጠራኝ። ሳቅን። እኔ ደግሞ አፉ ውስጥ «ይሄ እንደተጠበቀ ሆኖ»ን ከተትኩ። ስለዚህ መነጽሩ የሱ ነው፣ ምላሱ የኔ። «ለራሳችን ነው፤ ሳይታይ እናወጣዋለን» ተባባልን።

አላወጣነውም። ካርቱን ቀላል የሚመስለው ለሚያየው ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ያልፋል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ በሰከንድ 12 አቋቋም ያስፈልጋል። ለአራት ደቂቃ 2,880 ማለት ነው። ያን መነጽር ለማውለቅ ከሞላ ጎደል ሁሉንም እንደገና ሬንደር ማድረግ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አንድ በአንድ እንዲያወጣ መጠበቅ፣ ነበረብን። ያን ሰሞን ደግሞ መብራት ማታ ማታ ይጠፋል። አንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን፣ ንጋት ላይ ተያየንና ተውነው። ማን ያውቃል ብለን።

ቅዳሜ ጠዋት በድርጅቱ አዳራሽ ለሠላሳ ያህል ልጆች አሳየን። ትንንሾቹ የስድስት ዓመት፣ ትልልቆቹ የአሥር። ወላጆችና ሠራተኞች ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። «በጠንካራ ጎን» ሲባል ኋላ ሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሠራተኛ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፊት ያሉት ልጆች ግን ዝም። አንዱ ወደ ጓደኛው ዞሮ በግልጽ ድምፅ ጠየቀ፦ «ካርቱኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ልቤ ቁልቁል ሄደች።

አንዴ ብቻ ሁሉም ሳቁ። አባ ኮዳ ንግግሩን ሳያቋርጥ፣ በሙሉ ክብር፣ እግሩ ላይ ተጸዳዳ። ካልሲው ነጣ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ይቺን አኒሜተሩ ነው በራሱ የጨመራት፤ እኔ እንዲያውም ተራ ቀልድ ናት ብዬ ላወጣት ነበር።

ከዚያ አባ ኮዳ መነጽሩን መፈለግ ጀመረ። ጠረጴዛ ሥር አየ። የአምባዛን ኪስ ፈተሸ። «ይሄ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መነጽሬን ያየ?» አለ። አንዲት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከመካከል ብድግ አለች።

«አባዬ! አባዬ ነው!»

ወደ ኋላ ዞራ በጣቷ ጠቆመች። አዳራሹ በሙሉ አብሯት ዞረ። አስተባባሪው ኋላ ቆመዋል። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው።

ሲያልቅ ወደ ጎን ጠሩኝ። ይጮኻሉ ብዬ ነበር። «ይሄ እንደተጠበቀ...» ብለው ጀመሩና ዝም አሉ። እኔም ወለሉን አየሁ። ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳትም፤ የሰው አፍ መዝጋት ምን እንደሆነ ያየሁባት ናት።

«እኔን ተወኝ» አሉ ቀጥለው። «ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ሄዳ አባቴ አባ ኮዳ ሆነ ትላለች። እሱንም ተወው። ግን ሠላሳ ልጅ ተቀምጦ ከካልሲዋ ሌላ የሳቀችው የእኔ ልጅ ብቻ ናት። ለምን ይመስልሃል?»

«እርስዎን ስለምታውቅ።»

«አየህ!»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁለት ሳምንት ሰጡን፤ ገንዘብ አልጨመሩም።

በሐይቁ ዳር በእግሬ ተመለስኩ። ሰውዬው በአንድ ጥያቄ የነገሩን ሥር መዝዘውታል። የፓሮዲ ሳቅ የማወቅ ሳቅ ነው። የምታውቀውን ሰው ባልጠበቅከው ቦታ፣ ባልጠበቅከው ልብስ ስታገኘው ነው የምትስቀው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ስብሰባ ገብቶ አያውቅም፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲነበብ አላንቀላፋም። ምኑን ያውቅና ይሳቅ?

ፈረንጆቹ ይሄን ነገር እንዴት እንደሚወጡት አስታወስኩ። ስፖንጅቦብ የሚባለውን የልጆች ካርቱን ውሰዱ። በፈረንጅ 1999 ኒኬሎዲዮን በሚባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ሲጀምር ፈጣሪው ስቲቨን ሂለንበርግ ቀደም ሲል የባሕር ሕይወት ሳይንስ አስተማሪ ነበር። እዚያ ውስጥ መርሜይድ ማንና ባርናክል ቦይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ጀግኖች አሉ። ያረጁ የኮሚክ መጽሐፍ ጀግኖች ፓሮዲ ናቸው። ድምፅ የሰጧቸው ኧርነስት ቦርግናይንና ቲም ኮንዌይ ደግሞ በፈረንጅ 1960ዎቹ በአንድ የባሕር ኃይል ኮሜዲ አብረው የተወኑ ናቸው። አያት ድምፁን ሰምቶ ይስቃል። ልጁ ይሄን ሁሉ አያውቅም፤ እሱ የሚያየው ቁጣው ቶሎ የሚነድ፣ ነገር የሚዘነጋ ጃጅቶ የቀረ ጀግና ነው። እሱም ይበቃዋል።

እኛ ለዚህ ቃል አለን፤ ሰምና ወርቅ። ሰሙ ቅርጽ ካልያዘ ወርቁ የት ይፈሳል? የእኔ አባ ኮዳ ወርቅ ብቻ ነበር። ሰም የነበረችው ያቺ ካልሲ ብቻ ናት።

የመነጽሩ ጉዳይ ደግሞ በሌላ በኩል ይበላኝ ጀመር። ሰውን በእንስሳ መሸፈን ያድናል ብለን ነው የደፈርነው። አያድንም። የአገራችን የመጀመሪያው የመድረክ ቴአትር የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። ተናጋሪዎቹ አውሬዎች ናቸው። በዘውዲቱ ዘመን ግን ታገደ። መኳንንቱ አውሬው ማን እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ልዩነቱ፣ እሳቸው የመንግሥትን አሠራር ነበር የነኩት። እኔ የአንድ ደግ አባት መነጽር ነካሁ። ድፍረት አልለውም።

በነጋታው የጎረቤት ልጆች ሰብስቤ ብስኩት ገዛሁላቸውና «ትምህርት ቤት ማን ያናድዳችኋል?» አልኳቸው። አስተማሪ ይላሉ ብዬ ነበር። ባንድ አፍ «አለቃ!» አሉ። የክፍል አለቃ። ከዚያ ማን ያስቁማቸው። አለቃው ጠመኔ ይዞ ይቆማል። ያወራውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ደግሞ ካወራ ጎኑ ኤክስ ይጨምርበታል። ያስነጠሰችም ተጽፋለች። «ስሜን አጥፋልኝ» ብሎ የለመነው ይጨመርበታል። ማስቲካ የሰጠው ግን ይጠፋለታል። አንዷ ይሄን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ማስቲካ ያልነበራት እሷ ናት መሰለኝ።

ሁሉንም ቀደድኩት። አባ ኮዳ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠመኔ ያዘ። ፌስታል የጣለ ስሙ ይጻፋል ተባለ። መጀመሪያ የጣለ ተጻፈ። ቀጥሎ ጣይውን ያየ ተጻፈ። ቀጥሎ የሳቀ። ቆሮሶ «እኔ እኮ እያነሣሁ ነበር» ብላ ሦስት ኤክስ አገኘች። ጦጣ ሙዝ ይዞ መጣና ስሙ ጠፋ። ሁሉም ሰሌዳውን ሲያይ ፌስታሉ ሐይቁን ሞላ። ካልሲዋ ግን ቦታዋን አለቀቀችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠመኔዋ ገና ስትወጣ ልጆቹ ጮኹ። ጦጣው ሙዙን ከኋላው አሾልኮ ሲሰጥ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ጉቦ!» አለ። ቃሏን እኔ አልጻፍኳትም። ፊት ያሉት ሳቁ። የኋላው ወንበር በዚች ጊዜ ጭጭ አለ።

አስተባባሪው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ይሄ ጦጣ እንትና ነው አይደል? ያ ፊርማ የሚያዘገየው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ማንም አይደለም።»

«እሱ ነው እንጂ! አሾላለኩ ሳይቀር!» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሳቁ። ልጃቸው ከፊት ዞር ብላ ገረመመችን።

ስንወጣ ደብተሯን አሳየችኝ። በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «የሚያወሩ። 1. አባዬ ×××። 2. ካርቱኑ ሰውዬ ××።»

ኪሴን ዳበስኩ። ማስቲካ አልነበረኝም።